ፊውል አልተርድ፦ ቀጥ ብሎ መሄድ እምቢ ስላለው የድራግ መኪና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮ የውድድር መኪኖች ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ስለ አንድ ዓይነት መኪና ነው። አጭር ናት፤ ጣራ የላትም። ሞተሯ ሙሉ በሙሉ ገላጣ ነው። ፎቶ ላይ ስትታይ ሁልጊዜ አፍንጫዋ ወደ አንድ ጎን ዞሯል፣ ከኋላዋ ጭስ ተነስቷል፣ ሾፌሩም ከመሪው ጋር ግብግብ ይዟል። ይህች መኪና ፊውል አልተርድ ትባላለች። እኔ ከድራግ መኪኖች ሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው፤ ለምን እንደሆነ ከመልሶቹ ትረዱታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊውል አልተርድ በትክክል ምን ዓይነት መኪና ናት?

ድራግ ሬሲንግ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር፣ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። አንድ ሰው ብቻ ያሸንፋል፤ ሌላው ወደ ቤቱ ይሄዳል። መኪኖቹ በየክፍላቸው ይመደባሉ፤ ከክፍሎቹ አንዱ አልተርድ ይባላል። የዚህ ክፍል ሕግ ቀላል ነበር። ላይኛው አካል ፋብሪካ ለገበያ ካወጣው መኪና የተወሰደ መሆን አለበት። ከሥሩ ግን እንደ ልብ መቀየር ይቻላል። ሻንሲው አዲስ ይሠራል፣ ሞተሩ ይለወጣል፣ ሞተሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማሰርም ይፈቀዳል። የሚገፋበት ርቀት እስከ ዊልቤዙ 25 በመቶ ነው። ዊልቤዝ የምለው በፊትና በኋላ ጎማ መሀል ያለውን ርቀት ነው።

ከአልተርዶቹ ውስጥ በቤንዚን ፈንታ ናይትሮሜቴን የሚጠጡት ናቸው ፊውል አልተርድ የተባሉት። ትልቅ ሞተርና ሱፐርቻርጀር (አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ካላቸው ደግሞ ጎናቸው ላይ ኤኤ/ኤፍኤ ተብሎ ይጻፍባቸዋል። የከፍታ ዘመናቸው 1960ዎቹና የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። አገራቸው ከሁሉም በላይ ካሊፎርኒያ ናት።

መጠኗን ለመገመት የአዲስ አበባን ቪትዝ አስቡ። የመጀመሪያው ቪትዝ ዊልቤዝ 2.37 ሜትር ነው። ፊውል አልተርድም ከ2.3 እስከ 2.5 ሜትር አካባቢ ነው። ሞተሯ ግን ባለ ስምንት ሲሊንደር ክራይስለር ሄሚ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ 6.4 ሊትር፣ በኋላ 7 ሊትር። ጉልበቷ ከ1,000 ፈረስ በላይ፣ ክብደቷ ደግሞ ከአንድ ቶን በታች ነው። እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ ያየ መካኒክ ቀሪውን ታሪክ ራሱ ይገምተዋል።

ናይትሮ የሚባለው ፊልም ላይ የምናየው ኖስ ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኖስ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ በጠርሙስ የሚታሰር ጋዝ። ራሱ ነዳጅ አይደለም። ለቤንዚኑ ተጨማሪ ኦክስጅን ይሰጣል እንጂ ብቻውን ሞተር አያንቀሳቅስም።

ናይትሮሜቴን ግን ፈሳሽ ነው፤ ነዳጁ ራሱ እሱ ነው። ከሜታኖል ጋር ተደባልቆ ወደ ሞተሩ ይገባል። በኢንዱስትሪ ውስጥ ለማሟሟትና ለኬሚካል ሥራ የሚያገለግል ነገር ነበር። የድራግ ሰዎች ሞተር ውስጥ ቢጨምሩት ምን እንደሚያደርግ አዩ፣ ከዚያ በኋላ ሊላቀቁት አልቻሉም።

ታዲያ ጉልበቱን ከየት ያመጣዋል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ናይትሮ በኪሎ ሲመዘን ከቤንዚን ያነሰ ኃይል ነው ያለው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 44 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል፤ አንድ ኪሎ ናይትሮ 11 ብቻ።

ምስጢሩ ያለው አየሩ ላይ ነው። የሞተርን ጉልበት የሚወስነው ስንት ነዳጅ ቀዳህለት ሳይሆን ስንት አየር ማስገባት ቻልክ የሚለው ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎው 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ናይትሮ ግን በውስጡ የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ 1.7 ኪሎ አየር ይበቃዋል። ስለዚህ በዚያው አየር ከስምንት እጥፍ በላይ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል ማለት ነው። ሂሳቡ ሲደረግ ከአንድ ሲሊንደር የሚወጣው ኃይል ከቤንዚን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል።

በዚህ ላይ ሱፐርቻርጀሩ አለ። የድሮዎቹ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረው 6-71 የሚባለውን ነው። ይህ ዕቃ ለውድድር አልተሠራም። የጄኔራል ሞተርስ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ዲዝል ሞተር አካል ነበር። ስድስት ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ 71 ኪዩቢክ ኢንች፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ላይ ፈትተው ሄሚው አናት ላይ ያስሩታል። በትልቅ ቀበቶ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ያገናኙታል። አየሩን በግድ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቃል።

ዕዳም አለው። ናይትሮ በብዛት ስለሚገባ አንዷ ካንዴላ ከጠፋች ያ ሲሊንደር በፈሳሽ ይሞላል። ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ የሚሄድበት ቦታ ያጣል። ያኔ ወይ ኮኔክቲንግ ሮዱ ይታጠፋል፣ ወይ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይነሳል፣ ወይ ሱፐርቻርጀሩ ከነምናምኑ ተፈንቅሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ ሱፐርቻርጀር ሲፈነዳ ማየት ብርቅ አልነበረም።

ላይኛው አካሏ የየትኛው መኪና ነው?

ሦስት ዋና ዋና ምርጫዎች ነበሩ። ሦስቱም ለምን እንደተመረጡ ግልጽ ነው፤ ትንሽና ቀላል ናቸው።

የመጀመሪያው ፎርድ ሞዴል ቲ ነው፤ ብዙ ጊዜ የ1923ቱ ባለ ሁለት ሰው ክፍቱ። ሁለተኛው ባንተም ነው። ባንተም በፔንሲልቬንያ ግዛት በትለር ከተማ የነበረ ትንሽ ፋብሪካ ነው፤ ሥራውን የጀመረው አሜሪካን ኦስቲን በሚል ስም የእንግሊዙን ኦስቲን በፈቃድ እየሠራ ነበር። ይህ ፋብሪካ በ1940 ለአሜሪካ ጦር የመጀመሪያውን የጂፕ ናሙና የሠራ ነው። ዛሬ ጂፕ ሲባል ስሙን የሚያነሳለት ሰው ትንሽ ነው፤ በድራግ ሜዳ ላይ ግን ስሙ እስካሁን ይጠራል።

ሦስተኛው ፊያት ቶፖሊኖ ነው፤ ከ1936 እስከ 1955 የተሠራች የጣሊያን ትንሽ መኪና። ከፋብሪካ ስትወጣ 569 ሲሲ ሞተርና 13 ፈረስ ጉልበት ነበራት። ለእኛ ሩቅ አይደለችም። በ1955 እሷን ተክታ የወጣችው ፊያት 600 ናት፤ አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ የሆነችው ሴይቼንቶ ማለት ነው። የዚያች ታላቅ እህት ናት እንግዲህ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,000 ፈረስ በላይ የተጫነባት።

ለምንድን ነው ቀጥ ብላ የማትሄደው?

ምክንያቱ አንድ አይደለም።

ዋናው አጭርነቷ ነው። ረጅም መኪና የኋላ ጎማው ትንሽ ወደ ጎን ቢንሸራተት አፍንጫው የሚዞረው በዝግታ ነው፤ ሾፌሩ ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። አጭር መኪና ግን ያው ትንሽ መንሸራተት በአንድ ጊዜ ብዙ ዲግሪ ያዞራታል። እጅ ከዓይን ቀድሞ ካልደረሰ አለቀ።

ሁለተኛው ዲፈረንሻሉ የተቆለፈ መሆኑ ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ነው የሚዞሩት። በግራ በኩል አስፋልቱ ላይ ትንሽ ዘይት ወይም አሸዋ ካለ የቀኙ ጎማ ይነክሳል፣ የግራው ይንሸራተታል፣ መኪናዋም ወዲያው ወደ ግራ ትታጠፋለች።

ሦስተኛው ሞተሩ ከፍ ብሎ መታሰሩ ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስትነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ እንዲሄድና ጎማው መሬቱን እንዲቆነጥጥ ይፈለጋል። በሌላ በኩል ግን የፊት ጎማዎች ከመሬት ይነሳሉ። የፊት ጎማ አየር ላይ ከሆነ መሪው ምንም አይሠራም። ሾፌሩ የፈለገውን ያህል ቢያዞር መኪናዋ የምትሰማው ጎማው ሲያርፍ ነው፤ ያኔ ደግሞ አዙሮ ወደያዘበት አቅጣጫ ትፈተለካለች።

በዚህ ላይ የኋላ አክሰሉ ሞላ የለውም፤ በቀጥታ ሻንሲው ላይ የታሰረ ነው። የመንገዱ እያንዳንዷ ጉብታ በቀጥታ ወደ ሾፌሩ ጀርባ ትመጣለች።

ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን አላረዘሟትም?

ስትረዝም ድራግስተር ትሆናለቻ! ድራግስተር የፋብሪካ አካል የመያዝ ግዴታ ስለሌለበት እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄደ። የዛሬው ቶፕ ፊውል ድራግስተር ዊልቤዝ 7.62 ሜትር ይደርሳል። አልተርድ ግን የሞዴል ቲ ወይም የቶፖሊኖ አካል ተሸክማ ነው የምትሮጠው፤ ያ አካል ደግሞ አጭር ነው። ሕጉና አካሉ አንድ ላይ አስረዋታል።

እኔ የምለው ሌላም አለ። ሕዝቡ ትኬት ይቆርጥ የነበረው ለዚህ አጭርነቷ ነው። ድራግስተሩ ፈጣን ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። ግን ድራግስተር ሲሮጥ ውጤቱን ነው የምትጠብቁት። አልተርድ ስትሮጥ የምታዩት ሰውየውን ነው። አካሏ ትንሽ ስለሆነች ትከሻው፣ ክርኑ፣ የራስ ቁሩ ሁሉ ከውጭ ይታያል። መሪውን ስንቴ እንደመለሰው መቁጠር ትችላላችሁ። የሾፌርን ሥራ እንዲህ ገልጦ የሚያሳይ ሌላ የውድድር መኪና አላውቅም።

አንድ ሩጫ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን ይመስላል?

የ1960ዎቹን ልንገራችሁ።

መኪናዋ ሞተር ማስነሻ የላትም። ካምቢዮም የላትም፤ ሞተሩ በፍሪሲዮን በኩል በቀጥታ ከኋላ አክሰሉ ጋር ተገናኝቷል። ስለዚህ ከኋላ ፒካፕ ይገፋታል። ሾፌሩ ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው የዘይት ግፊት መለኪያውን ያያል። መርፌዋ ስትነሳ ነዳጁን ይከፍታል፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን ማግኔቶ ያበራል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ድምፁ የቤንዚን ሞተር ድምፅ አይደለም። ሲሊንደር በሲሊንደር ተነጣጥሎ የሚሰማ፣ ደረት የሚመታ ድምፅ ነው። የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ማርሚታ የሚባል ነገር የለም። አጠገብ የቆመ ሰው ዓይኑ ማልቀስ ይጀምራል፤ ሳይቃጠል የወጣው ናይትሮ አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል።

ከዚያ ወደ መነሻው መስመር ትመጣለች። ድሮ ባንዲራ የያዘ ሰው ነበር የሚያስነሳቸው። ከ1963 ጀምሮ ግን የገና ዛፍ የሚባለው ባለ ብዙ መብራት ምሰሶ ገባ። መብራቱ ወደ አረንጓዴ ሲወርድ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ቤንዚን መስጫውን ይረግጣል።

ቀጥሎ ያለው ነው ልብ የሚሰቅለው። የኋላ ጎማዎቹ ጭስ ይሆናሉ። አፍንጫዋ ይነሳል። ገና 20፣ 30 ሜትር ሳትሄድ ወደ አንድ ጎን መዞር ትጀምራለች። ሾፌሩ መሪውን ወደ ተቃራኒው ይመልሳል፤ እሷም ወደዚያኛው ትወረወራለች። አሁን አንድ ውሳኔ አለ፦ እግሩን ያንሳ ወይስ እንደረገጠ ይቀጥል? ማንሳት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። አይደለም። ድንገት ካነሳ የኋላ ጎማዎቹ መንሸራተት አቁመው ይነክሳሉ፣ መኪናዋም አፍንጫዋ ወዳለበት ትተኮሳለች፤ አፍንጫዋ ያለው ደግሞ ወደ ጠርዙ ነው። ስለዚህ ጎበዞቹ ረግጠው ነበር የሚቀጥሉት። ጭሱ ውስጥ፣ ሞተሩ ፊታቸው ላይ ተደቅኖ፣ ዘይት መነጽራቸው ላይ እየተረጨ።

መጨረሻው መስመር ላይ ነዳጁን ይዘጋል፣ ፓራሹቱን ይለቃል። ይህ ሁሉ ሰባት፣ ስምንት ሴኮንድ ነው።

በጣም የታወቁት ሾፌሮችና መኪኖች እነማን ናቸው?

መጀመሪያ የሚጠራው ዊሊ ቦርሽ ነው፤ ሁሉም “ዋይልድ ዊሊ” ይለው ነበር። ከባልደረባው ከአል ማርሴለስ ጋር ዊንግድ ኤክስፕረስ የምትባለውን ሞዴል ቲ ይሮጥ ነበር። ከሾፌሩ ራስ በላይ ትልቅ ክንፍ ነበራት፤ ክንፉ አየሩን ተጠቅሞ መኪናዋን ወደ መሬት ይጫናታል። ቦርሽ የሚታወቀው በአንድ እጁ በመንዳቱ ነው። አዎ፣ በአንድ እጁ። ፎቶዎቹ አሉ፤ መኪናዋ ጎን ዞራ፣ ጭሱ ተነስቶ፣ እሱ በአንድ እጅ መሪውን ይዞ። ለታይታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰሞን አይቆይም ነበር። ይህች መኪና በሰዓት 200 ማይልን፣ 322 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ካለፉት የመጀመሪያዎቹ አልተርዶች አንዷ ናት።

ቀጥሎ ፒዩር ሄል ትመጣለች፤ ንጹሕ ሲኦል። ባለቤቷ ሪች ጓስኮ ነው። ጓስኮ ከዚያ በፊት በ1961 በ1929 ፎርዱ ኦክላንድ ላይ “የአሜሪካ ውቡ ሮድስተር” የሚባለውን ሽልማት ወስዷል። ስለዚህ መኪናው ሲኦል ቢባልም አሠራሩ ጥንቅቅ ያለ ነበር። ሾፌሩ ዴል ኤመሪ ይባላል፤ ቅጽል ስሙ “ቀንድ አውጣው”። ኤመሪ በኋላ ብሉ ማክስ የምትባለው ፈኒ ካር (የፋይበርግላስ አካል ያላት የድራግ መኪና) ዋና መካኒክ ሆነ፤ ቡድኑም ከ1979 እስከ 1981 ሦስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮና ወሰደ። ፒዩር ሄልን መቆጣጠር የቻለ ሰው ሌላው ቀልሎት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ሲኦል ካለ ገነት አይቀርም። ሊዮን ፊትዝጀራልድ የራሱን መኪና ፒዩር ሄቨን አላት። ሁለቱ ሲገናኙ ማስታወቂያው ራሱን በራሱ ይጽፋል።

ጃፓን አሜሪካዊው ሱሽ ማትሱባራ ከጆ ሞንዴሎ ጋር ፊያት ይነዳ ነበር። ሞንዴሎ በቴስታታ ሥራ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ዴቭ ሃው ደግሞ ናኑክ የምትባለውን ይዞ ስሙን ተክሏል። ራት ትራፕም አለች፤ የባንተም አካል ያላት፣ በኋላም በሆፕ ቤተሰብ እጅ የሮጠች። ሮን ሆፕ ባለቤቷ ነው፣ ብራያን ሆፕ ነድቷታል።

ምን ያህል ትፈጥን ነበር?

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥሩዎቹ ሩብ ማይሉን በስምንትና በሰባት ሴኮንድ ይጨርሱ ነበር፤ መጨረሻ ላይ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ዛሬ በድሮው መልክ የተሠሩት ስድስት ሴኮንድ ገደማ ይገባሉ። ጎማው፣ ፍሪሲዮኑና የሜዳው አስፋልት ተሻሽሏል። አጭርነቷ ግን ያው ነው።

ናይትሮ ታግዶ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽን፣ በ1951 ዋሊ ፓርክስ ያቋቋመው፣ በ1957 ናይትሮን ከውድድሮቹ አገደ። እስከ 1963 አልፈቀደም። ነገር ግን ሁሉም ሜዳ አልታዘዘም። ቤከርስፊልድ አጠገብ ባለው ፋሞሶ፣ የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ በነበረው ሜዳ ላይ፣ በ1959 ስሞከርስ የሚባል የመኪና ክበብ ለናይትሮ መኪኖች ትልቅ ውድድር አዘጋጀ። የድራግስተር ሾፌሩ ዶን ጋርሊትስ ከፍሎሪዳ ድረስ አገር አቋርጦ መጣ። ያን ውድድር አርት ክሪስማን አሸነፈ። እገዳው ናይትሮን ለማጥፋት ነበር፤ ካሊፎርኒያን ግን የናይትሮ መናኸሪያ አደረጋት።

አደጋው ምን ያህል ነበር?

ከባድ ነበር፤ ይህን ማለስለስ አልፈልግም። ሾፌሩ ከሞተሩ ኋላ ነው የሚቀመጠው። ሞተሩ ቢፈነዳ እሳቱና ትኩስ ዘይቱ በነፋሱ ወደ እሱ ይመጣል። ፍሪሲዮኑ ደግሞ እግሮቹ መሀል ነው ያለው። መጋቢት 1970 ዊልሚንግተን በነበረው በላየንስ ሜዳ ላይ የዶን ጋርሊትስ ድራግስተር ካምቢዮ ፈንድቶ የቀኝ እግሩን መዳፍ ግማሽ ወሰደው። ጋርሊትስ ከአልጋው ሲነሳ ሞተሩን ከሾፌሩ ኋላ ያደረገ ድራግስተር ሠራ፤ ከ1971 በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት።

አልተርድ ግን ይህን ማድረግ አልቻለችም። ሞተሩ ከፊት እንዳለ ነው መልኳ። ስለዚህ ጥበቃው በሌላ መንገድ መጣ፦ እሳት የሚቋቋም ልብስ፣ ማጣሪያ ያለው የፊት ጭንብል፣ በሾፌሩ ዙሪያ የብረት ቀፎ፣ በፍሪሲዮኑ ላይ ወፍራም የብረት ሽፋን፣ እሳት ማጥፊያ። ዛሬ እነዚህ ሳይሟሉ ማንም መነሻው መስመር ላይ አይደርስም።

ታዲያ ለምን ጠፉ?

ገንዘብ ነው። በ1966 የሜርኩሪ ኮሜት ፈኒ ካሮች ወጡ። ሙሉ አካላቸው ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ከፊት ወደ ላይ የሚከፈት። ከሥር እንደ ድራግስተር ናቸው፤ ከላይ ግን ተመልካቹ ከሻጭ ቤት የሚገዛትን መኪና ይመስላሉ። ፋብሪካዎቹ ወደዷቸው። ጎናቸው ሰፊ ስለሆነ ስፖንሰር ስሙን ይጽፍባቸዋል። በ1970 የአሻንጉሊት አምራቹ ማቴል በሆት ዊልስ ስም ሾፌሮቹን ዶን ፕሩዶምንና ቶም ማክዌንን ሲይዝ ነገሩ አበቃለት። የቶፖሊኖ ጎን ላይ ምን ያህል ጽሑፍ ይገባል?

ሾፌሮቹም ወደ ፈኒ ካር ሄዱ። ማትሱባራ ሄደ፣ ጓስኮም መኪናውን ለወጠ፣ ቦርሽም እንዲሁ። የላየንስ ሜዳ በ1972 መጨረሻ ተዘጋ፤ ኢርዊንዴል በ1977፣ የኦሬንጅ ካውንቲው በ1983። መሬቱ ውድ ሆነ፣ ከተማው ሰፋ።

ዛሬ የሚሮጡት ያኔ የነበሩት ራሳቸው ናቸው?

አንዳንዶቹ የድሮውን አካል ወይም ሻንሲ ይዘዋል። አብዛኞቹ ግን እንደገና የተሠሩ ናቸው፤ በድሮው መልክና ቀለም፣ በዛሬ የደህንነት ሕግ። ይህን እንደ ማታለል የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም። የውድድር መኪና ያኔም በየሳምንቱ ይቆረጥ፣ ይበየድ ነበር። ዊንግድ ኤክስፕረስ ወደ ሜዳ ስትመለስ ራሱ አል ማርሴለስ ከአጠገቧ ነበር፤ ማይክ ቦይድ ይነዳት ነበር። ሠሪው አጠገቧ ቆሞ እየቃኛት ከሆነ ለእኔ እሷው ናት።

አዲስ አበባ ላይ ብትሮጥ ከፍታው ጉልበቷን አይቀንሰውም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። የቤንዚን መኪና ይህን በደንብ ይሰማዋል፤ እንጦጦን የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ናይትሮ የራሱን ኦክስጅን ስለሚይዝ ጉዳቱ ይቀልለታል፤ ግን አያመልጥም። ሱፐርቻርጀሩ የሚጠቀጥቀው ያንኑ የሳሳ አየር ነው።

ይህን በተግባር የፈተኑት ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ዴንቨር አጠገብ የነበረው ባንዲሜር ሜዳ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነው። ከ1958 እስከ 2023 ሲሠራ መካኒኮች እዚያ ሲደርሱ ሱፐርቻርጀሩን በፍጥነት የሚያዞር ሌላ ፑሊ ያስሩ ነበር። ዴንቨርና ኦሮራ የምትኖሩ ወገኖች ሜዳው ክፍት ሳለ አይታችሁት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

መንገድ ላይ መንዳት ይቻላል?

አይቻልም። ራዲያተር የላትም፣ መብራት የላትም፣ ሞተሯ ከጥቂት ደቂቃ በላይ መሥራት አይችልም። እንዲያውም የድራግ ሜዳዎች የተሠሩት ወጣቶቹን ከመንገድ ላይ ለማንሳት ነው። በ1950 ሲ. ጄ. ሃርት ሳንታ አና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሜዳ የከፈተው፣ በኋላም የላየንስ የበጎ አድራጎት ክበቦች ሜዳቸውን የከፈቱት ልጆች ጎዳና ላይ እየሞቱ ስለነበር ነው። በመንገድ ላይ መሽቀዳደም የዚህ ስፖርት አካል አይደለም፤ ተቃራኒው ነው።

የት ሄጄ ላያት እችላለሁ? ልጆች መውሰድስ?

ፋሞሶ አሁንም አለ። በየመጋቢቱ ማርች ሚት የሚባለው ውድድር ይካሄዳል፤ በጥቅምት ደግሞ ከ1992 ጀምሮ የድሮ መኪኖች መሰባሰቢያ ሲካሄድ ቆይቷል። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ ተነስታችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ ትደርሳላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የዓመቱን ፕሮግራም ተመልከቱ፤ ፊውል አልተርዶች በሁሉም ዝግጅት ላይ አይመጡም። ሞተር ሳይጮህ ማየት ለሚፈልግ ፖሞና ውስጥ በዋሊ ፓርክስ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ።

ልጆች ውሰዱ፤ ጆሯቸውን ግን ሸፍኑ። የስፖንጅ መሰኪያ ብቻ አይበቃም፤ ከላይ ትልቁን የጆሮ መሸፈኛ ጨምሩ። በጣም ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ወደ መነሻው መስመር አትጠጉ። ዓይናቸው ካለቀሰ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ቁሙ። መኪኖቹ በውድድር መሀል የሚቆሙበት ቦታ ለተመልካች ክፍት ነው። እዚያ ሄዳችሁ መካኒኮቹ ሞተር ሲፈቱ ተመልከቱ። ጥያቄ ብትጠይቋቸው ደስ እያላቸው ይመልሳሉ፤ ልጅ ከጠየቃቸውማ ካንዴላውን አውጥተው እጁ ላይ ያስቀምጡለታል።